ለአምስት ቀን ብሎ

መልካሙ የሞተው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ነው። በ2010 ዓ.ም. ጳጉሜ ሁለት ቀን ማለዳ፣ ቡሬ ላይ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ የዘር ዩኒየኑ ዘበኛ ጋሼ ወልደ ዮሐንስ የቢሮውን በር ቢያንኳኳ መልስ አጣ። ገፋ አድርጎ ቢገባ ልጁ ክንዱን ተንተርሶ፣ ፊቱን ወደ ኮምፒዩተሩ አዙሮ ቀዝቅዟል። ከእግሩ ሥር የከሰል ማንደጃ አለ፤ ከሰሉ አመድ ሆኗል። ጠረጴዛው ላይ ቀይ ፔርሙዝና አንድ ብርጭቆ። መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል።

ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ የደምበጫ ገበሬ ልጅ። እንዲህ ያለውን ሞት አገሬው «ከሰል ገደለው» ብሎ አልቅሶ ይቀብራል፤ ይኼም እንደዚያው ሊያልፍ ነበር። ፔርሙዙ ግን አላስቻለም። ከሥሩ ነጭ ዝቃጭ ተገኘ፤ የፍኖተ ሰላም ሐኪም አይቶ «የተፈጨ የእንቅልፍ ኪኒን ነው» አለ። ፔርሙዙ የማን ነው? የራጂያ። ራጂያስ ማን ናት? ከሟቹ ጋር በአንድ ክፍል ፊትና ኋላ ተቀምጣ ፕሮግራም የምትጽፍ የቡሬ ነጋዴ ልጅ። በዋዜማውስ? ሁለቱ ግቢው እስኪሰማ ተጨቃጭቀዋል። በቃ! ሰው መጨረሻውን ለማወቅ ሲቸኩል እንዲህ ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጅቱ ጣቢያ ገባች።

በማግስቱ ቅዳሜ ከፍኖተ ሰላም የመጣችው ኢንስፔክተር እታለም አጭር፣ ፊቷ የማይፈታ፣ አንድን ጥያቄ ሦስት ጊዜ አዟዙራ የምትጠይቅ ሴት ናት። አለቃዋ ገና ከመኪና ሳትወርድ ነበር የተቀበሏት።

«እታለም፣ መዝገቡ ያለቀ ነው። ሰኞ ከሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ልጅቱም ማረሚያ ቤት ትወርዳለች። ማክሰኞ እንቁጣጣሽ ነው፣ በዓሉን በሰላም እናክብረው።»

«ያለቀ ከሆነ እኔን ለምን አስጠሩኝ?»

«ለፊርማ።»

«እንግዲያውስ ሳላነብ አልፈርምም» አለችና አልፋቸው ሄደች።

ጣቢያው በር ላይ፣ ጭቃው መሐል፣ አንዲት ሴት ቁጭ ብላለች። ሻርፗ ረጥቦ ትከሻዋ ላይ ተለጥፏል። የራጂያ እናት ኡምሀኒ ናት፤ ከትናንት ጀምሮ ከዚያ አልተነሣችም።

«እናቴ፣ ይነሡ፣ ይታመማሉ» አለቻት እታለም።

«ብታመም ምን ቀረብኝ? ልጄ እህል አልቀምስም ብላለች። ያ ልጅ ቤቴ ገብቶ የወጣ ልጅ ነው፤ ለቅሶው ላይ መገኘት ነበረብኝ። የገዳይ እናት ተብዬ በየት በኩል ልግባ? ወላሂ፣ አልቅሼ እንኳ አልወጣልኝም!»

እታለም ክንዷን ይዛ አነሣቻትና ከበረንዳው ሥር አስጠጋቻት።

ራጂያ ዓይኗ አብጦ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር።

«ሐሙስ ዕለት ከመልካሙ ጋር ስለ ምን ተጣላችሁ?»

«ስለ አምስት ቀን።»

«ምን ማለት ነው?»

«ስለ ጳጉሜ። ድረ ገጻችን ገበሬው የዘር ከረጢቱን ቁጥር የሚያስመዘግብበት ነው። ቁጥሩና የዕለቱ ቀን ይገባል። የፊተኛው ፕሮግራም የተሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ላይ ስለነበር ዓመቱን አሥራ ሁለት ወር አድርጎታል። አምና ጳጉሜ ሲገባ ‹እንዲህ ያለ ወር የለም› እያለ ሁሉንም መለሰ። ከገጠር በእግሩ የመጣው ገበሬ ሁሉ ባዶ እጁን ተመለሰ። መልካሙ አፈረ። ለዘንድሮ አዲስ ፕሮግራም ሠርቶ ጳጉሜን አስገባባት።»

«ታዲያ ይኼ ምኑ ያጣላል?»

ልጅቱ አለቀሰች። «ደክሞት ነበራ! እንቅልፍ ካየ ስንት ቀኑ። ‹ለአምስት ቀን ብለህ ነው ራስህን የምትገድለው? ከበዓል በኋላ ይጫን› ብዬ ጮህኩበት። እሱም ጮኸብኝ። ሐሙስ ቀን ላይ ጫናት፤ ሠራች። ማታውን እንዳይበርደው ሻዬን ከነፔርሙዙ ትቼለት ሄድኩ። በቃ፣ ያ ነው።»

«አንድ ነገር አስረጂኝ፤ እኔ ኮምፒዩተር አልችልም። መጫን ስትሉ የት ነው?»

«ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር በአንድ ኮንቴይነር እናሽገዋለን። ውጭ አገር ክላውድ ላይ፣ ማለት በራሱ ኮምፒዩተሮች ላይ፣ የሚያስተናግድልን ድርጅት አለ፤ በኢንተርኔት ልከን እዚያ እንጭነዋለን። አዲሱ ቆሞ መሥራት ሲጀምር አሮጌው ከሥራ ይወጣል፤ ግን አይጠፋም። ካስፈለገ በአንድ ቁልፍ አሮጌው ይመለሳል።»

«ኮንቴይነሩ ከታሸገ በኋላ ግማሹን አውጥቶ ግማሹን መተው ይቻላል?»

«አይቻልም። ከመለሱት ሁሉም ይመለሳል።»

«በአዲሱ ውስጥ ከጳጉሜ ሌላ ምን ነበረ?»

«የከረጢቱ ቁጥር ሲገባ ዘሩ በማን ማሳ እንደተባዛ ያሳያል። ዘንድሮ የማናውቀው ቁጥር ያላቸው ከረጢቶች በዝተዋል ብሎኝ ነበር። ተራ በቆሎ ቀለም ቀብቶ ምርጥ ዘር ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው አለ ማለት ነው።»

እታለም ማስታወሻዋን ዘግታ ተነሣች። ልጅቱ እየዋሸች ከሆነ ጎበዝ ናት፤ እውነቷን ከሆነ ደግሞ ወዮላት፣ ለሰኞ የቀራት ሁለት አዳር ነው።

ቢሮው ሬሳው ከወጣ ወዲህ አልተነካም። ጠረጴዛው ላይ ኢንተርኔት የምትስብ ትንሽ ዶንግል ከረጅም ገመዷ ጋር ተጠቅልላ ተቀምጣለች፤ ፌስታል ለብሳለች። እታለም ፌስታሉን ብድግ ብታደርገው ከውስጡ ውኃ ጠብ ጠብ አለ።

«ጋሼ ወልደ ዮሐንስ፣ ይኼ ቤት ያፈሳል?»

«ኧረ አያፈስም! እሷማ ከመስኮቱ ብረት ላይ የምትንጠለጠል ናት። ኔትወርኩ እዚህ ውስጥ አይደርስም። ዝናብ እንዳይነካት ብሎ ፌስታል አልብሶ ወደ ውጭ ያንጠለጥላታል። ያቺ መስኮት ልጁ ሥራ ላይ ሳለ ተዘግታ አታውቅም። ‹ብርድ ይፈጅሃል› ስለው ‹ካልበረደኝ አልሠራም፣ ጋሼ› ይለኝ ነበር፤ አይ ልጄ!»

«ሐሙስ ማታ ማን ገባ?»

«ራጂያ ስትወጣ አይቻለሁ። ከዚያ በፊቱ በር ማንም አልገባም። እምላለሁ።»

«በኋላውስ?»

«የኋላው በር የመጋዘኑ ነው። ቁልፉ ጌታሁን ዘንድ ነው ያለው።»

የመጋዘኑ ኃላፊ ጌታሁን ትልቅ ሰውነት ይዞ ትንሽ ድምፅ የሚያወጣ ሰው ሆኖ ተገኘ። እጁን የሚያስቀምጥበት ጠፍቶበት አንዴ ኪሱ ይከታል፣ አንዴ ያወጣል።

«ማንደጃው የመጋዘኑ ነው ይላሉ።»

«ነው። ማን እንደወሰደው አላየሁም።»

«የኋላውን በር ሐሙስ ማታ ከፍተህ ነበር?»

«እኔ... አላስታውስም።»

«ሐሙስ ነው እኮ፤ ከትናንት ወዲያ።»

«አላስታውስም አልኩዎት!» አለና ፊቱ በላብ ወረዛ። እታለም አልተጫነችውም፤ ጌታሁን ኮንቴይነር የሚያውቀው በከባድ መኪና ላይ የሚጫነውን ብቻ ነው። የፈራው ግን አንድ ነገር አለ።

ቀጥላ ያነጋገረችው የመረጃ ክፍሉን ኃላፊ፣ የሁለቱን ልጆች አለቃ ተስፋውን ነው። ጫማው በዚያ ጭቃ ያበራል። የታሸገ ውኃ አቀረበላት፤ ወንበር ሳበላት፤ «ወንድሜን ነው ያጣሁት» ብሎ ዓይኑን ጠረገ።

«ሐሙስ ማታ የት ነበሩ?»

«ፍኖተ ሰላም፣ ስብሰባ ላይ። መልካሙ ማታ ደወለልኝ፤ ስልኬ ላይ ጥሪው አለልዎት። ‹ጋሽ ተስፋው፣ የመጨረሻዋን አሁን ጫንኳት፣ እስቲ ይሞክሯት› አለኝ።»

«ማታ ጫነ? ቀን አይደለም እንዴ የጫነው?»

«ቀን ላይም ሳይጭን አልቀረም። ማታ ግን አስተካክዬ እንደገና ጫንኩ አለኝ። ሰርቨሩ ላይም በስሙ ተመዝግቧል፣ ማየት ይችላሉ።»

«ሞከሯት ታዲያ?»

«እንዴታ! በስልኬ ከፍቼ አንድ የሙከራ ከረጢት መዘገብኩ።»

«ከነቀኑ?»

«በዕለቱ ቀን። ወዲያው ተቀበለችኝ። ‹ጎበዝ፣ በል ተኛ› አልኩት። ይኸው ተኛ።»

«አምና በዚህ ወቅት እዚሁ ነበሩ?»

ተስፋው በጥያቄው ትንሽ ተገረመ። «አልነበርኩም፤ ሕንድ አገር ለሥልጠና ሄጄ ነበር። ለምን ጠየቁኝ?»

«እንዲያው ነው» አለች እታለም፤ ውኃዋንም ሳትነካው ወጣች።

ዕለቱ ሩፋኤል ነበር። ሕፃናቱ በጠበሉ ዝናብ ራቁታቸውን እየዘለሉ ይስቃሉ፤ ጣቢያው ውስጥ ደግሞ ራጂያ ለሁለተኛ ቀን ውኃ ብቻ ጠጥታ ግድግዳ ተደግፋለች። እታለም ከዩኒየኑ ግቢ ስትወጣ አንዲት ጎልማሳ ገበሬ ባዶ ከረጢት በብብቷ ይዛ በሩ ላይ ቆማ አገኘች። አቻምየለሽ ትባላለች፤ ከደምበጫ ገጠር ነው የመጣችው።

«ማንን ፈልገው ነው፣ እትዬ?»

«ያንን የዘሩን ልጅ፣ መልካሙን። ሐሙስ ቀን መጥቼ ይኼን ከረጢት አሳየሁት። ማሳዬ ሙሉ በቆሎ ቆሟል፤ አንድ ፍሬ ግን አልያዘም። ልጆቼን ምን ላበላ ነው? ልጁ ቁጥሩን ወደ መሣሪያው አስገባና ፊቱ ጥቁር አለ። ‹እትዬ፣ ይኼ ቁጥር የኛ አይደለም። ሰኞ የዩኒየኑ ቦርድ ፊት አቀርብዎታለሁ› አለኝ። ዛሬ ብመጣ ሞቷል ይሉኛል። አሁን እኔ ማን ፊት ልቁም?»

«ሲያስገባ አይተዋል? ቀኑንም አስገባ?»

«መሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁ፣ አነባለሁ። ‹ጳጉሜ አንድ› ብሎ ሲጽፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ‹ይኸው እትዬ፣ ዘንድሮ ጳጉሜ አለች› ብሎ ሳቀ እኮ።»

እታለም ስልኳን አወጣች። ድረ ገጹን ከፈተችና የሴትየዋን ቁጥር አስገባች፤ ከዚያ ወሩን ልትመርጥ ጣቷን አወረደች። ወሮቹን ቆጠረች፤ እንደገና ቆጠረች። ከዚያ የአቻምየለሽን እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«እትዬ፣ ሰኞ ጠዋት አይቅሩብኝ። በልጆችዎ ይዤዎታለሁ!»

ሰኞ ጠዋት ሁሉም መልካሙ በሞተበት ክፍል ተሰበሰቡ። ራጂያ እጇ በካቴና ታስሮ ከሁለት ፖሊሶች መሐል ቆማለች፤ እናቷ በሩ ላይ ተደግፋ ታያታለች። ጌታሁን ጥግ ይዟል። ጋሼ ወልደ ዮሐንስ ባርኔጣውን አውልቋል። አቻምየለሽ ከረጢቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። የእታለም አለቃ ሰዓታቸውን ደጋግመው ያያሉ።

«አቶ ተስፋው» አለች እታለም፣ «እኔ መሣሪያ አልችልም። ሐሙስ ማታ የሞከሩትን እስቲ እዚሁ ያሳዩኝ። አንድ ከረጢት በዛሬው ቀን ይመዝግቡልኝ።»

ተስፋው ፈገግ ብሎ ስልኩን አወጣና ኔትወርክ ወደሚይዝበት ወደ ተከፈተው በር ጠጋ አለ። «ቀላል ነው። ቁጥሩን እናስገባለን። ቀኑን አምስት እንላለን። ወሩን...»

ጣቱ ወረደ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር... ሐምሌ፣ ነሐሴ። እዚያ ቆመ። ወደ ላይ መለሰው፤ እንደገና አወረደው። ነሐሴ ላይ ደርሶ ቀረ።

«ምን ሆኑ?»

«ኔትወርክ ነው መሰለኝ።»

«ኔትወርክ ወር ይበላል እንዴ?» አለ ጋሼ ወልደ ዮሐንስ ሳይጠሩት።

«ኔትወርክ አይደለም» አለች እታለም። «ይኼ አሮጌው ኮንቴይነር ነው። ጳጉሜን አያውቃትም። ሐሙስ ቀን ላይ መልካሙ የጫነው ግን ያውቃት ነበር፤ እትዬ አቻምየለሽ በዓይናቸው አይተዋል። ስለዚህ ከዚያ በኋላ አንድ ሰው አዲሱን አውርዶ አሮጌውን መልሷል። መቼ? እርስዎ ራስዎ ነገሩኝ፤ ማታ። ማታ አንድ ነገር እንደተጫነ ከእርስዎ በቀር የነገረኝ ሰው የለም።»

«መልካሙ ነዋ የጫነው! በስሙ ነው ያለው!»

«ለዚህች አምስት ቀን ብሎ እንቅልፍ ያጣ ልጅ፣ በጳጉሜ አንድ ማታ ጳጉሜ የሌለባትን መልሶ ይጭናል?»

ተስፋው ከንፈሩን ላሰ። «አዲሱ ከተበላሸ አስተናጋጁ ራሱ ወደ አሮጌው ይመልሰዋል። ራጂያን ጠይቋት።»

«የሚመልሰው አዲሱ አልቆም ሲል ነው» አለች ራጂያ፤ ድምፅዋ በጭንቅ ይሰማል። «እሱ ግን ቆሞ ሲሠራ ነው የዋለው። ሲመልሰውም በመልካሙ ስም አይመዘገብም።»

«እንግዲያው እሷ ናት! እሷም ታውቅበታለች!»

«ታውቅበታለች» አለች እታለም። «አሮጌው ጳጉሜ እንደሌለው ግን ከሁሉ በላይ የምታውቀው እሷ ናት፤ የተጣሉትም በዚሁ ነው። መልሳው ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ከገጠር የሚመጣው ገበሬ ሁሉ እየጮኸ እንደሚያጋልጣት አይጠፋትም። ይኼን የማያውቅ ሰው ነው የመለሰው፤ አምና ጳጉሜን እዚህ ያልነበረ፣ ወሩን በፈረንጅ የሚቆጥር ሰው። እርስዎ ማውረድ የፈለጉት የከረጢቱን ምርመራ ነበር፤ ቦርዱ ሰኞ እንዳያየው። ጳጉሜም በዚያው ኮንቴይነር ውስጥ እንዳለች አላወቁም። ‹በዕለቱ ቀን መዘገብኩ፣ ተቀበለችኝ› አሉኝ። አሮጌው በጳጉሜ ማንንም አይቀበልም፤ አሁን ራስዎን አልተቀበለዎትም። ያልሞከሩትን ነው ሞከርኩ ያሉኝ።»

«ስልኩስ? ደውሎልኛል እኮ!»

«ጥሪው አለ። የደወለው የመልካሙ እጅ መሆኑን ግን ማን አየ? ስልኩ ከአጠገብዎ ነበር፤ እሱ ተኝቷል።»

ፌስታሉን ከጠረጴዛው አንሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። «ይቺ ካልተንጠለጠለች እዚህ ኢንተርኔት የለም፤ ከተንጠለጠለች መስኮቱ አይዘጋም፤ መስኮቱ ካልተዘጋ ከሰሉ አይገድልም። ፌስታሉ ውስጥ ዝናብ ነበር፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ውጭ ነበረች። አሮጌውን የመለሰው ሰው ራጂያ በተወችለት ሻይ ውስጥ ኪኒን ጨምሮ ልጁን አስተኛው፤ ሥራውን ሲጨርስም ይቺን ወደ ውስጥ አስገባት፤ ከሰሉን አጠገቡ አኖረ፤ መስኮቱን ዘጋ። በኪኒን የተኛ ልጅ ገመድ ጠቅልሎ መስኮት አይዘጋም። ራጂያ ደግሞ በጊዜ ወጥታ ሄዳለች፤ ጋሼ አይተዋታል። የቀረው የኋላው በር ነው። ጌታሁን!»

ጌታሁን በረገገ።

«ይቺ ልጅ ከሰዓት በኋላ ማረሚያ ቤት ትወርዳለች። እናቷ ያቻት። ዓይን ዓይኗን እያየህ አላስታውስም በል እስቲ።»

ጌታሁን ኡምሀኒን አየ። ከዚያ ግድግዳውን ታክኮ ቁጭ አለና እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ።

«እኔ ነኝ የከፈትኩለት! ቀለም የተቀባውን ዘር በዚያ በር ነው የምናወጣው። ‹ልጁን አነጋግሬው እመለሳለሁ፣ ብርድ ስለሆነ ከሰል አቀጣጥልልኝ› አለኝ። አቀጣጠልኩለት። ሊገድለው ነው ብዬ አላሰብኩም፣ በእመብርሃን! ጠዋት ስሰማ ‹አንተም አብረህ ትታሰራለህ› አለኝ። ፈራሁ። ፈራሁ!»

ተስፋው ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄደ። ኡምሀኒ ከበሩ አልተነሣችም፤ እሷን ገፍቶ ለማለፍ ድፍረቱ አልነበረውም። የእታለም አለቃ ሰዓታቸውን ማየት ትተው የራጂያን ካቴና ፈትተው እሱ እጅ ላይ አሰሩት።

እናትና ልጅ ተቃቅፈው ወለሉ ላይ ወደቁ። የሚያሳዝነው፣ ማንም ደስ አላለውም። ጋሼ ወልደ ዮሐንስ ወደ ግድግዳው ዞሮ አለቀሰ። አቻምየለሽ ብቻ ከተቀመጠችበት ሳትንቀሳቀስ፣

«እኔስ? ቦርዱ ከሰዓት ነው የሚሰበሰበው። ልጁ አቀርብዎታለሁ ብሎኝ ነበር» አለች።

ራጂያ ተነሣች። ማንም አላዘዛትም። ዶንግሏን በፌስታሉ ጠቀለለችና መስኮቱን ከፍታ ከብረቱ ላይ አንጠለጠለቻት። ብርዱ ገባ። በመልካሙ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ካቴናው በላጠው እጇ የመልካሙን ኮንቴይነር መልሳ ጫነች። ቆሞ መሥራት እስኪጀምር ሁሉም ጠበቁ።

«ቁጥሩን ይንገሩኝ፣ እትዬ።»

አቻምየለሽ ከከረጢቱ ላይ አነበበችላት። ራጂያ አስገባች፤ ወሩን ለመምረጥ ወረደች፤ ከነሐሴ በታች ጳጉሜ ነበረች። መዳፏን አፏ ላይ ጫነች።

«‹ለአምስት ቀን ብለህ ነው?› አልኩት እኮ» አለች። «ቢሰማኝ ኖሮ ይኼኔ በሕይወት ይኖር ነበር። ስላልሰማኝ ደግሞ ይኸው እኔን አስፈታኝ።»

እታለም እጇን ትከሻዋ ላይ አደረገች። አቻምየለሽ ወደ ኮምፒዩተሩ ጠጋ ብላ የወጣውን በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ አነበበች፤ ጳጉሜ አምስት፣ ይህ ቁጥር የዩኒየኑ አይደለም። ከዚያ ባዶ ከረጢቷን አጣጥፋ ብብቷ ውስጥ ከተተችና ቦርዱን ልትጠብቅ በረንዳው ላይ ተቀመጠች።